የሞተር ሳይክል ጎማ ቤት ውስጥ መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ አዘዞ የሚመላለስ ሞተር ጎማው ባለቀ ቁጥር ጎሚስታ ቤት መገፋት የለበትም። ሁለት የጎማ ማውጫ ብረት፣ የዳዶ ቁልፍ፣ መንፊያና የሳሙና ውሃ ያለው ሰው ግቢው ውስጥ ይቀይረዋል። ሥራውን የሚያበላሹት ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉ እነዚህ አባባሎች ናቸው።

«ጉልበት ካልተጨመረበት አይወጣም»

ካላማዳሪ የሚቀደደውና ቸርኬ የሚጣመመው በዚህ እምነት ነው። የጎማው ከንፈር (ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ጠርዙ) ውስጡ የብረት ሽቦ ስላለው አይለጠጥም። ቸርኬው ግን መሃሉ ላይ ዙሪያውን ጎድጎድ ያለ ነው። ብረቱ ከገባበት ትይዩ ያለው ከንፈር ወደዚያ ጉድጓድ ከወረደ፣ በወዲህኛው በኩል ትርፍ ይገኛል።

ስለዚህ የቫልቩን መርፌ ፈትተው ነፋሱን ጨርሰው ያስወጡ፤ ሁለቱንም ከንፈር በተረከዝ እየረገጡ ከቸርኬው ጠርዝ ያላቁ። ሲያወጡ ቫልቩ አጠገብ ይጀምሩ፣ ሲያስገቡ ቫልቩ ጋ ይጨርሱ፤ ቫልቩ ባለበት ከንፈሩ ወደ ጉድጓዱ መውረድ አይችልምና። በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይያዙ፣ ተንበርክከው በጉልበትዎ ትይዩውን ተጭነው ያቆዩ። ብረቱ ከከበደ ያቁሙ፦ ትይዩው ከጉድጓዱ ወጥቷል ማለት ነው። ካላማዳሪውን ሲያስገቡ ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ይንፉት፤ የተሸበሸበ ካላማዳሪ በብረቱ ይነከሳል።

«ዘይት ወይም ግሪስ ሲቀባ ቶሎ ይገባል»

መግባቱን ይገባል። ግን ዘይት ላስቲክ ያበላሻል፣ አይደርቅምም፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ቫልቩን ከሥሩ ይቀድደዋል። የሳሙና ውሃ ሥራውን ጨርሶ ይደርቃል። በዚሁ ምክንያት ቫልቩ ላይ ያለችውን ትንሽ ዳዶ ቸርኬው ላይ አያጥብቁ፤ ወደ ክዳኑ ይመልሷት። ያኔ ጎማው ቢንሸራተት ቫልቩ ዘሞ ይታያል፣ ሳይቀደድም ይደርሱበታል።

«2015 ይላል፤ ብዙም አልቆየም»

ይህ እኛን ብቻ የሚያሳስት ነው። ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው፣ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር። 2015 ማለት የፈረንጆቹ 2015 ዓ.ም. 20ኛ ሳምንት ነው፤ በእኛ ግንቦት 2007። ጥርሱ ያልተነካ ቢሆን እንኳ ላስቲኩ አርጅቷል። 2323 የሚለው ግን ግንቦት 2015 መጨረሻ ላይ የተሠራ ነው።

«ወደ መተማ ሲወርዱ ነፋስ ይቀነሳል»

ቆላው ሙቀት ጎማ ያፈነዳል በሚል ብዙዎች ከጎንደር ሳይወጡ ያስተነፍሳሉ። ሙቀቱ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን መተማ ከጎንደር ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል የውጭው አየርም ይከብዳል፣ መለኪያው ላይ ሁለቱ ሊካካሱ ይቀርባሉ። ጎማ የሚያቃጥለው የነፋስ ማነስ ነው፤ ጎኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ ይግላል። ጠዋት ሳይነዱ ይለኩ። ለትናንሽ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ የፊቱ 25፣ የኋላው ከ28 እስከ 32 ፒኤስአይ ይሆናል፤ ሰው ከጫኑ የኋላው ይጨመራል። ሞተሩ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ካለ እሱን ይከተሉ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም።

«ከተነፋ አለቀ»

ከንፈሩ አጠገብ ዙሪያውን የተሰመረች ቀጭን መስመር አለች። ከቸርኬው ጠርዝ ያላት ርቀት በሁለቱም ጎን እኩል ካልሆነ ጎማው አልተቀመጠም፤ አስተንፍሰው፣ ሳሙና ጨምረው እንደገና ይንፉ። ጎማው የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስትም ከመግጠምዎ በፊት ይዩ። የኋላው ፍሬን ታምቡር ከሆነ ደግሞ የፍሬን ሸራው የተገጠመበትን የታምቡር ክዳን ከኋላ ሹካው ጋር የሚያያዘው ዘንግ መታሰሩን በእጅዎ ነክተው ያረጋግጡ፦ ከተረሳ፣ ፍሬን ሲረግጡ ክዳኑ አብሮ ዞሮ ጎማውን ይቆልፋል።