ሰርቫይቪን፦ ሞት ከልካይ ወይስ ክፍፍል አስተናባሪ?

ስለ ካንሰር የሚያነብ ሰው «ሰርቫይቪን» የሚባለው ፕሮቲን ግራ ያጋባዋል። አንዱ ጽሑፍ የሕዋስ ሞትን ይከለክላል ይላል፤ ሌላው ሕዋስ ሲከፈል ይሠራል ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

የተበላሹ ሕዋሶች በሥርዓት ራሳቸውን ያጠፋሉ። ይህ አፖፕቶሲስ ነው፤ ፈጻሚዎቹም ካስፔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። በ1997 ሰርቫይቪን ሲታወቅ፣ ይህን ሞት ከሚያግዱ ፕሮቲኖች ጎራ ተመደበ። ለነገሩ ካስፔዝን ብቻውን አጥብቆ አይዝም። ይበልጡን ኤክስአይኤፒ የተባለ ዘመዱን ያግዛል።

ለእኔ የሚገርመው የክፍፍል ሥራው ነው። ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ክሮሞሶሞቹ መሃል ላይ ይሰለፋሉ፤ ከግራና ከቀኝ ክሮች ይይዟቸዋል። ሰርቫይቪን ከአውሮራ ቢ ኢንዛይምና ከሌሎች ሁለት ፕሮቲኖች ጋር ክሮሞሶሙ ወገብ ላይ ይቀመጣል። ክሩ በተሳሳተ ጎን ከያዘ ቡድኑ ያስለቅቀዋል፤ እንደገና በትክክል ይያዛል። ክሮሞሶሞቹ ሲለያዩ ደግሞ ቡድኑ ወደ መሃል ተዛውሮ ሕዋሱ እስኪቆረጥ ይቆያል። ሰርቫይቪን የሌላቸው የአይጥ ጽንሶች ገና በጠዋቱ ይሞታሉ።

ታዲያ ከካንሰር ጋር ምን አገናኘው? በጽንስ ውስጥ ሞልቷል፤ መከፋፈል ባቆሙ የአዋቂ ሕዋሶች ግን እምብዛም የለም። በአብዛኞቹ ካንሰሮች ተመልሶ ይበዛል። መሞት የነበረበት ሕዋስ ይተርፋል፤ ኬሞቴራፒንም ሊቋቋም ይችላል።

በመድኃኒት መዝጋት ተሞክሯል። ዋይኤም155 የተባለው በሰው ላይ ተፈትኖ የተጠበቀውን ያህል አልሠራም። ሰርቫይቪን ኢንዛይም ስላልሆነ መድኃኒት የሚሰካበት ምቹ ጎድጓዳ የለውም። በዚያ ላይ መቅኒን የመሳሰሉ፣ ሁሌ የሚከፋፈሉ ጤነኛ ሕዋሶችም ይፈልጉታል።