ከሐኪም ቤት እስከ ሪፈራል፦ በአዳማ የሚነገሩ የሕክምና ቃላት

አዳማ ውስጥ አንዱን ግቢ ሰው በሦስት ስም ይጠራዋል። የዛሬ ስሙ «አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ» ነው። ከተማዋን ናዝሬት እያለ ያደገ ሰው ግን «ኃይለ ማርያም ማሞ» ይለዋል። እናቶች ደግሞ በደፈናው «ሐኪም ቤት» ይላሉ። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ የየዘመናቸው ስም ነው።

«ሐኪም» በዐረብኛም ያለ ቃል ነው። እዚያ ጠቢብ፣ አስተዋይ ማለትም ይሆናል። «ሐኪም ቤት» ከ«ሆስፒታል» ሰፋ ይላል። ክሊኒኩም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ትልቁ ሆስፒታልም ሐኪም ቤት ነው። በከተማዋ በሰፊው በሚነገረው በኦሮምኛ «ማነ ያላ» ሲባል ትርጉሙ የሕክምና ቤት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ቤቱን በአንድ ዓይነት መንገድ ሰይመውታል።

ከሆስፒታል በፊት ወጌሻ፣ የልምድ አዋላጅና መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። «ወጌሻ» የተሰበረ የሚጠግን፣ የወለቀ የሚመልስ ሰው ነው። ቃሉ ከኦሮምኛው «ኦጌሳ» ማለትም ባለሙያ ከሚለው ጋር ዝምድና ያለው ይመስላል። ዛሬም አልሞተም። ኳስ በሬዲዮ ስትከታተሉ ተጫዋች ከወደቀ ጋዜጠኛው «ወጌሻው እየገባ ነው» ይላል። የቡድን ሕክምና ባለሙያው ዘመናዊ ሥልጠና ቢኖረውም ስሙ ያው የጥንቱ ነው።

ዘመናዊ ሕክምና ሲመጣ ቃሉም አብሮ መጣ። ከአድዋ ጦርነት በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተዋል። በቃላት በኩል ግን ጎልቶ የቀረው የጣሊያን አሻራ ነው። «ራጅ» ጨረር ከሚለው የጣሊያን ቃል የመጣ ነው። «ፋሻ»ም፣ «ጀሶ»ም የጣሊያን ናቸው። እጁ የተሰበረ ልጅ ራጅ ተነስቶ፣ በጀሶ ታስሮ፣ በፋሻ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎለት ሲወጣ የተሸከመው ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። «ኦፕራሲዮን» የሚሉትም ዛሬ ድረስ አሉ፤ ወጣቱ «ኦፕሬሽን» ይላል፤ በወረቀት ላይ «ቀዶ ሕክምና» ተብሎ ይጻፋል። «ኪኒን» ደግሞ ጉዞው ይገርማል። መነሻው የወባ መድኃኒቱ ኪኒን ነው። ወባ ባጠቃው አገር ያ መድኃኒት በጣም ስለታወቀ የሚዋጥ ነገር ሁሉ ስሙን ወሰደ። ዛሬ የራስ ምታቱም ኪኒን ነው።

የአዳማ ታሪክ በሰፊው የሚነገረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሜኖናይት የሚባሉት የፕሮቴስታንት ክርስቲያን ሚሲዮናውያን በከተማዋ ሆስፒታል ከፈቱ። ቤቱ ቀድሞ ጥጥ መዳመጫ ነበር። ጥጥ ይዳመጥበት የነበረው ቤት ቁስል የሚታጠብበት ሆነ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሸዋ ውስጥ ተዋግቶ የተሰዋው አርበኛ ኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ እንዲሆን በስሙ ተሰየመ። በዚያ ግቢ ለብዙ ሰው የእንጀራ በር የከፈተ አንድ ቃል ነበር፤ «ድሬሰር»። መነሻው ቁስል አጥቦ የሚያሽግ ማለት ነው። ሚሲዮኑ ወጣቶችን አሠልጥኖ ድሬሰር ያደርግ ነበር። ሥራው ግን ቁስል በማሸግ አላበቃም። ድሬሰር መርፌ ይወጋል፣ መድኃኒት ይሰጣል፣ ሐኪም በሌለበት ሐኪም ይሆናል። በየገጠሩ «ዶክተር» እየተባለ የተከበረው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። አዳማ ለአገሪቱ ካበረከተቻቸው ነገሮች መካከል እነዚህን ድሬሰሮች ከፊት መቁጠር ተገቢ ነው። ዛሬ ቃሉ ከአዛውንቶች አፍ ብቻ ይሰማል። ሴቷን ነርስ «ሲስተር» ማለት ግን እንደጸና አለ። መነኩሲት ሆነች አልሆነች፣ ሲስተር ናት።

በ1940ዎቹ የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ «ጤና መኮንን»ን እና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ የሆነውን «ሳኒታሪያን»ን አስተዋወቀ። በደርግ ዘመን የአዳማው ሆስፒታል በመንግሥት እጅ ገባ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ «ጤና ኬላ» እና «ጤና ኤክስቴንሽን» የየቀበሌው ቃል ሆኑ። ኮሮና ሲመጣ «ለይቶ ማቆያ» በአንድ ሰሞን በሁሉም አፍ ገባ። «ጽኑ ሕሙማን» የሚለውም ያኔ ነው ከሆስፒታል ግድግዳ ወደ ቤት ወሬ የወጣው።

ታካሚው ራሱ የፈጠረው አነጋገር ደግሞ ከሁሉም ይጥማል። መጀመሪያ «ካርድ ይወጣል»። ማልዶ የመጣ ሰው የት ነህ ሲባል «ካርድ ክፍል» ካለ ገና ነው ማለት ነው። «ተኛ» ማለት እንቅልፍ ወሰደው ማለት አይደለም፤ አልጋ ያዘ ማለት ነው። «ሪፈር ተባለ» ሲባል ቤተሰብ ይደነግጣል፤ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ተላከ ማለት ስለሆነ መኪናና ገንዘብ መፈለግ ይጀመራል። ለወለደች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ለታመመ «እግዜር ይማርህ»፣ ከሙስሊሙ ጎረቤት ደግሞ «አላህ ያሽርህ»። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ከአልጋ ወደ አልጋ ሲባሉ ይሰማል።

«አስታማሚ» የሚለውን ግን የትኛውም የውጭ ቃል ሊተካው አልቻለም። ከታማሚው አጠገብ የሚያድር፣ መድኃኒት ለመግዛት የሚሮጥ፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ዘበኛው «አስታማሚ ውጡ፣ ራውንድ ነው!» ይላል። ሐኪሞቹ ሲገቡ አስታማሚው ፔርሙዙን አልጋው ሥር አስቀምጦ ይወጣል። ግቢው ጥላ ሥር ከማያውቀው ሰው አጠገብ ይቀመጣል። «የእናንተስ እንዴት አደሩ?» ይባባላሉ።