ትራጀዲ ምንድን ነው? ሰው ስለሞተ ብቻ ትራጀዲ አይሆንም

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ አንዱ ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ ልብወለድ ስለ ፍቅር እስከ መቃብር አንስቶ "ያው ሰው ስለሚሞት ትራጀዲ ነው፣ ፊታውራሪ መሸሻ ክፉ ስለሆኑ ነው ሁሉም የተበላሸው" አለ። ይሄን አባባል ከተማሪዎቼም ስንቴ እንደሰማሁት! ዛሬስ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሞት በየልብወለዱ አለ። ትራጀዲ የምንለው ሰውየው ጥፋቱን ለመከላከል ብሎ ያደረገው ነገር ራሱ ጥፋቱን ሲያመጣው ነው።

ደሴ ያደገ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ጦሳ ተራራ ስር ተዳፋት ላይ ቤት ስትሰራ ድጋፍ ግንብ ታቆማለህ አይደል? ግንቡ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ከሌለው ክረምት ላይ ውሃው ከጀርባው ይጠራቀማል፣ አፈሩ ይከብዳል፣ ከፊት ስታየው ግን ምንም የለም ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጠንካራ በሆነ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ያጠራቅማል፣ የሄደ ቀን ቤቱንም ይዞ ነው የሚሄደው። ሰው "ዝናቡ ነው" ይላል። ዝናቡማ ቀዳዳ ያለው የጎረቤት ግንብ ላይም ዘንቧል!

በ1958 ዓ.ም. በታተመው በፍቅር እስከ መቃብር ባላባቱ ፊታውራሪም እንደዛ ናቸው። ልጃቸውን ሰብለን ለማግባት የመጣውን ሁሉ ዘሩ አይመጥንም ብለው መመለሳቸው፣ ገበሬው አንገብርም ሲል ሊዘምቱበት መነሳታቸው፣ በሳቸው ዓይን ስርዓት መጠበቅ ነው። ትርምሱ ከውጭ አልመጣም፣ ከጥበቃው ጀርባ ሲጠራቀም የነበረ ነው።

"የሰብለን ፍቅረኛ በዛብህን የመቱት ግን ወንበዴዎች ናቸው፣ አጋጣሚ ነው" የሚለኝም አለ። እሺ፣ ዱላው የወንበዴ ነው። ግን በዛብህን ከጎጃም አሽሽቶ እዛ መንገድ ላይ የጣለው ምንድን ነው? ያው የፊታውራሪ ጥበቃ አይደል?

"ክፉ ስለሆኑ" ለሚለው ደግሞ፣ ስለ ትራጀዲ የጻፈው የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል ራሱ ፍፁም ክፉ ሰው ሲወድቅ አያሳዝንም አያስፈራም ብሎ ከትራጀዲ አውጥቶታል። (እሱ የጻፈው ስለ መድረክ ተውኔት እንጂ ስለ ልብወለድ አይደለም፣ ስለዚህ እንዳለ አንገልብጠው።) የትራጀዲን ጀግና ለሚጥለው ነገር የተጠቀመበትን ሐማርቲያ የሚለውን ቃሉንም ብዙ ሰው "የጀግናው ኃጢአት" ብሎ ይተረጉመዋል፣ በአዲስ ኪዳን ግሪክኛ አዎ ኃጢአት ነው፣ አርስቶትል ጋ ግን ስህተት ነው፣ ቀስት ወርውረህ ዒላማ እንደመሳት ያለ።

የግንቡ ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ አይሰራም፣ ግንብ ቢነግሩትም አይሰማም፣ ሰው ግን ይሰማል። ፊታውራሪ ደግሞ ተነግሯቸዋል። በመጽሐፉ ስርዓቱን የሚተቸው ጉዱ ካሳ ማለት ውሃው ሲጠራቀም አይቶ ቀዳዳ ክፈቱለት እያለ የሚጮህ ጎረቤት ነው፣ እነሱ እብድ አሉት፣ በመጨረሻ እሱም አልተረፈም። ትራጀዲ የክፉዎች ቅጣት ነው የሚል ሰው ካሳ ምን አጥፍቶ እንደሞተ ይንገረኝ።