ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ፦ የድሮ ጠመንጃ በጎጃም

ጎጃም ውስጥ የድሮ ጠመንጃ ለማየት ሙዚየም መሄድ አያስፈልግም። ገበሬ ቤት አለ። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ከአባቱ የወረሰው ነው፤ አባቱም ከአያቱ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥይት ላይተኮስበት ይችላል። ቢሆንም እንደ ርስት ይቆጠራል፤ ዝም ብሎ አይሸጥም።

በዕድሜ ትልቁ ውጅግራ ነው። የፈረንሳይ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1874 የታጠቀው ግራስ የሚባለው ጠመንጃ ነው። አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ ተኩሶ ቀለሃውን አውጥቶ ሌላ ማጉረስ ነው። የሚሠራው በጥቁር ባሩድ ስለሆነ ጭሱ የተኳሹን ቦታ ወዲያው ያሳብቃል። በዐድዋ ጦርነት የኢትዮጵያ ሠራዊት ከያዛቸው ጠመንጃዎች አንዱ ይኸው ነበር። በዚያ ዘመን ጥይት ራሱ ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር።

ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊከር ነው። አሁን አሁን ግን ረጅም የሆነውን የድሮ ጠመንጃ ሁሉ ምንሽር የሚል ሰው አይጠፋም፤ ስለዚህ ስሙን ሰምቶ ከመደምደም ጠመንጃውን አይቶ መለየት ይሻላል።

የብዙዎቹ ምርጫ ግን ቤልጅግ ነው። ቤልጅየም ውስጥ፣ ከሊየዥ ከተማ አጠገብ ባለው የኤፍ ኤን ፋብሪካ የተሠራ፣ ሞዘር የሚባለው የጀርመን ንድፍ ጠመንጃ ነው። ጥይቱ 7.92 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካዝናው አምስት ይይዛል። ቃታው፣ ማለትም ወደኋላ ተስቦ ቀለሃ የሚያወጣው፣ ወደፊት ተገፍቶ ጥይት የሚያጎርሰው ብረት፣ ጠንካራና ቀላል ነው፤ በእጅ ተፈትቶ በእጅ ይገጠማል። ጭቃና አቧራ ቶሎ አይበግረውም። በእኔ ግምት ስሙ በፉከራና በቀረርቶ ይህን ያህል የገነነው ለዚሁ ነው፦ በክፉ ቀን አያሳፍርም።

ጎጃም ከጠመንጃ ጋር ያለው ትዝታ የጠነከረው በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ነው። በላይ ዘለቀ፣ ራስ ኃይሉ በለውና ነጋሽ በዛብህን የመሳሰሉ አርበኞች የመሩት ሰው የያዘው ጠመንጃ አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዱ የአያቱን ውጅግራ ይዟል፣ ሌላው ከጠላት የማረከውን። የጣሊያኑ ካርካኖ ጥይቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስድስት ጥይት በሚይዝ የብረት ማቀፊያ ይጎርሳል። ማቀፊያው የጠፋበት ሰው ጠመንጃው ግማሽ ጥቅሙን ያጣል። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገቡ እነዚህ ጠመንጃዎች ከየባለቤቶቻቸው ጋር ወደየቤቱ ተመለሱ። በ1960 ዓ.ም. ገበሬው የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ሲያምፅም እንደገና ከተሰቀሉበት ወረዱ። ያን ጊዜ መንግሥት የጦር አውሮፕላን እስከ መላክ ደርሷል።

ዛሬ የባለቤቱ ዋና ችግር ጥይት ነው። የክላሽ ጥይት ለቤልጅግ አይሆንም። የሚገኘው ብዙ ጊዜ አሮጌ ነው። አሮጌ ጥይት ደግሞ ምላጩ ተስቦ ዝም ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ችኮላ ያስፈጃል፤ ጥይቱ ትንሽ ዘግይቶ የሚፈነዳበት ጊዜ አለ። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞሩ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ነው። ቃታውን ወዲያው የከፈተ ሰው ፊቱን ሊያጣ ይችላል። ውጅግራ ላይማ የዘመኑን ባሩድ ሞልቶ መተኮስ በነፍስ መቀለድ ነው። ብረቱ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ስለሆነ ሊፈነዳ ይችላል።

ቤልጅግ ሲተኮስ ይረግጣል። ሰደፉን ትከሻ ላይ ላላ አድርጎ የያዘ ሰው ማታ ትከሻውን ሲያሽ ያመሻል። ጥብቅ አድርጎ መያዝ፣ ትንፋሽ ገታ አድርጎ ምላጩን ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ማነጣጠሪያው ላይ እስከ 2000 ሜትር ተጽፏል። ይህ ብዙ ወታደሮች ባንድነት ወደ ሩቅ ጭፍራ እንዲተኩሱ የታሰበ ቁጥር ነው። በዓይን ብቻ አልሞ አንድን ነገር ለመምታት ጥቂት መቶ ሜትር እንኳ ጎበዝ ተኳሽ ይጠይቃል።

ከተኩስ በኋላ ያለው ሥራ ነው ጠመንጃ አዋቂውን የሚለየው። የድሮ ወታደራዊ ጥይት መለኮሻው ሲቃጠል በርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል። በጎጃም ክረምት፣ በተለይ ጮቄ ተራራ አካባቢ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ዝገት ይጀምራል። ዘይት ብቻውን ጨውን አያጥበውም። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ነው። እንጨቱም ይታያል፤ ሰደፉ ከተሰነጠቀ መተኮሱ ይቅር። ለረጅም ጊዜ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ማቆየትም ጥሩ አይደለም፤ ቆዳው እርጥበት ይዞ ብረቱን ይበላዋል።

በሰርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። ለጀግና ለቅሶ ጠመንጃው ራሱ ሬሳውን አጅቦ ይወጣል፤ ፎካሪው ይዞት ይሸልላል። ይህ ክብር ይገባኛል። ተኩሱ ግን ቢቀር እመርጣለሁ። ወደ ላይ የሄደ እርሳስ የሆነ ቦታ ይወርዳል፤ አዘንብሎ ከተተኮሰ ሰው ለመግደል የሚበቃ ፍጥነት ይዞ ነው የሚወርደው። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ታዳሚ ደግሞ ሸራ እንጂ ጣሪያ የለውም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ጠመንጃው የአያት ነው ማለት ፈቃድ አይተካም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ በቀጠለው ግጭት ደግሞ ጠመንጃ ይዞ መንገድ መውጣት ራሱ ለሌላ ጥርጣሬ ይዳርጋል።