ሌሊት በግ ለሚጠብቅ ሰው ባትሪ ስለመምረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በመንዝ ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። በዚያ ብርድ ከጉረኖው አጠገብ ባና ተከናንቦ ብቻውን የሚያድር ሰው ከውሻውና በእጁ ከያዘው ባትሪ በቀር ረዳት የለውም። በብዙ ቀበሌ በደፈናው ቀበሮ የሚባለው ተኩላ ግልገል ለመንጠቅ የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው፤ ጅብም እንዲሁ። በገበያ ላይ የባትሪው ዓይነት በዝቷል፤ ስለ ባትሪ የሚነገረው ምክርም አብሮት በዝቷል። ከዚህ ምክር ብዙው የተወሰደው እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች ሌሊት ብቻቸውን በጠመንጃ ቀበሮ ከሚያድኑ ሰዎች ልምድ ነው። እዚያ የሚታደነው ቀበሮ የተስፋፋና የመጥፋት ሥጋት የሌለበት ሲሆን፣ በእኛ በኩል ግን በዓለም ላይ በጠቅላላው 500 እንደማይሞላ የሚገመተው ቀይ ቀበሮ በጓሳ ሣርና በጅብራው መካከል ይኖራል። ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ባትሪ የሚገዛ ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ዋናው ጥያቄ፣ በዚህ ብርሃን ያየሁትን ነገር ምንነት ለይቼ ማወቅ እችላለሁ ወይ የሚለው ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስሕተቶች ሁሉ ይህን ጥያቄ ከመዝለል የሚመጡ ናቸው።

«ሉመኑ የበዛ ባትሪ ሩቅ ያሳያል»

ገዢ ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሉመኑን ነው፤ ሻጩም ትልቁን ቁጥር ይጠራለታል። ሉመን የሚለካው ከባትሪው አፍ በጠቅላላው የሚወጣውን ብርሃን ነው፤ ያ ብርሃን ወዴት እንደሚሄድ ግን አይናገርም። አንድ እንስራ ውኃ ሜዳ ላይ ቢደፋና በጠባብ አሸንዳ ቢለቀቅ መጠኑ ያው ሆኖ ሳለ የሚደርስበት ቦታ እንደሚለያይ ሁሉ፣ ብርሃንም ሩቅ የሚደርሰው ተሰብስቦ ሲሄድ ነው። ይህን መሰብሰብ የሚለካው ካንዴላ ነው። ለምሳሌ 3000 ሉመን ኖሮት ብርሃኑን በሰፊው የሚበትንና 10,000 ካንዴላ ብቻ የሚሰጥ ባትሪ በአምራቾች የጋራ መለኪያ 200 ሜትር ይደርሳል ሲባል፣ 800 ሉመን ብቻ ያለው ነገር ግን ሰፊና ጥልቅ አንጸባራቂ ስላለው 90,000 ካንዴላ የሚሰጠው ደግሞ 600 ሜትር ይደርሳል ይባላል። ስሌቱ የካንዴላውን ቁጥር ዳግም ዘር ወስዶ በ2 ማባዛት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የብርሃኑ ጥንካሬ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ የባትሪውን ርቀት በእጥፍ ለማሳደግ ካንዴላው አራት እጥፍ መሆን ይኖርበታል፤ ሉመኑን ከ1000 ወደ 1200 ማሳደግ ብቻውን ለዓይን የሚታይ ለውጥ አያመጣም።

ይህን ስል ሰፊ ብርሃን አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ጉረኖ ውስጥ ገብቶ በግ ለመቁጠር ወይም የምትወልድ በግ ለመርዳት የተሰበሰበ ጨረር አይረዳም፤ ዓይን ያጥበረብራል፣ ዳር ዳሩንም ጨለማ ያደርገዋል።

«ሳጥኑ ላይ 600 ሜትር ከተጻፈ፣ 600 ሜትር ላይ ያለውን አውሬ አየዋለሁ»

ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ርቀት የባትሪው ብርሃን ወደ 0.25 ሉክስ የሚወርድበት ቦታ ነው፤ ሉክስ የሚለካው አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ነው። 0.25 ሉክስ በጠራ ሰማይ ሙሉ ጨረቃ መሬት ላይ የምትሰጠውን ብርሃን ያህል ነው። በጨረቃ ብርሃን ከአጠገባችን የቆመ ሰው ይታየናል፤ በ600 ሜትር ርቀት የቆመ እንስሳ ተኩላ ይሁን ውሻ ይሁን ጥጃ ግን አንለይም። እኔ ከተጻፈው ርቀት ሩቡን ብቻ እቆጥራለሁ። 600 ሜትር የተባለው ባትሪ 150 ሜትር ላይ ወደ 4 ሉክስ ገደማ ይሰጣል፤ በዚያ ርቀት የጆሮና የጅራት ቅርጽ መለየት ይጀምራል። አየሩ ጉም ወይም አቧራ ካለበት ከዚህም ያነሰ መገመት ይገባል።

«ቀይ ብርሃን አውሬው አያየውም፤ ስለዚህ ከሁሉም ይሻላል»

ይህ ከውጭ የመጣ ምክር ለእኛ አገር ከሁሉም በላይ አደገኛው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እገልጸዋለሁ። በመጀመሪያ፣ አያየውም የሚለው ትክክል አይደለም። የሰው ዓይን ቀለም የሚለይባቸው ሦስት ዓይነት ሕዋሳት ሲኖሩት ውሻ ሁለት ብቻ አሉት፤ ስለዚህ ቀይ ብርሃን ለውሻ ደብዘዝ ብሎ ይታየዋል እንጂ ጨርሶ አይሰወርበትም። የውሻ ዘመዶችም ከዚህ የራቀ ዓይን ይኖራቸዋል ተብሎ አይጠበቅም። አውሬውን በብዛት የሚያሸሸው ደግሞ የብርሃኑ ቀለም ሳይሆን ድንገት መብራቱና መወዛወዙ፣ የጫማ ድምፅና ነፋስ የሚወስደው የሰው ሽታ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ቀይ ብርሃን እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ጥቅሙ ግን ለራሱ ለባለ ባትሪው ነው። ዓይናችን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ እስከ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል፤ ደማቅ ነጭ ብርሃን ይህን ልማድ በቅጽበት ሲያጠፋው ደብዛዛ ቀይ ብርሃን ግን ብዙም አይነካውም። ምግብ ለማውጣት፣ እሳት ለመቆስቆስ ወይም መንገድ ለማየት ቀይ ብርሃን መልካም ነው።

ለመለየት ግን አይሆንም። ቀይ ቀበሮን ከተኩላ የምንለይበት ዋናው ምልክት ቀለሙ ነው፦ ጸጉሩ ቀይ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር፤ እግሮቹ ረዘም ያሉ፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ። ተኩላው ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ነው። በቀይ ብርሃን ሥር ቀይ ጸጉር እንደ ነጭ ፈዞ ይታያል፣ የጉሮሮው ነጭም ከቀሪው ገላ ጋር ይመሳሰላል፤ እንስሳው የሚታወቅበት ምልክት በሙሉ በራሱ በባትሪው ይጠፋል ማለት ነው። ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በቀን ሲሆን ዋነኛ ምግቡም አይጥ ነው፤ የመንዝ የጋራ ጥብቅ ሥፍራ በሆነው በጓሳ በቀን በጭላዳዎች መንጋ መሐል እየተዘዋወረ አይጥ ሲያድን ይታያል። ሌሊት ጉረኖ አጠገብ ቢያልፍ እንኳ በተኩላ ጥፋት መጠየቅ የለበትም። የመንዝ ሰው ጓሳን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ጠብቆ እዚህ አድርሷል፤ ይህ ሁሉ ጥበቃ በአንድ ሌሊት ስሕተት እንዲጎድል አልፈልግም።

ስለዚህ የምመክረው ነጭ ብርሃን፣ ያውም ቀለምን በታማኝነት የሚያሳይ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ባትሪዎች የብርሃን ቀለም በሚለካበት በኬልቪን 6500 አካባቢ የሆነ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ይሰጣሉ፤ በዚህ ብርሃን ውስጥ ቀዩ ክፍል አነስተኛ ስለሆነ ቀይ ጸጉር ወደ ቡናማ ይጠቁራል። ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን የሆነና የቀለም ታማኝነት ልኬቱ፣ ማለትም ሲአርአዩ፣ 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ባትሪ ከተገኘ ጥቂት ርቀት ቢቀንስም ያ ይሻላል። ሱቅ ውስጥ መፈተኛው ቀላል ነው፦ በርበሬና ቡና አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማብራት። በርበሬው በርበሬ ካልመሰለ ባትሪው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

«አውሬው በዓይኑ ቀለም ይታወቃል»

አረንጓዴ ካበራ ተኩላ፣ ቀይ ካበራ ጅብ የሚል አነጋገር እሰማለሁ። ሌሊት የሚያበራው ዓይን ከኋላው ብርሃን የሚመልስ ስስ ሽፋን ያለው ነው። ይህ ሽፋን በተኩላ ብቻ ሳይሆን በውሻ፣ በድመት፣ በበግ፣ በላምና በበቅሎም ዓይን አለ። የሚመለሰው ቀለም ደግሞ እንስሳው ባየበት አቅጣጫ፣ በዕድሜውና በባትሪው ብርሃን ዓይነት ይለዋወጣል፤ ያው አንድ ውሻ ፊቱን መለስ ሲያደርግ ከአረንጓዴ ወደ ብጫ ሊቀየር ይችላል። ሁለት የሚያበሩ ነጥቦች የሚነግሩን በዚያ ቦታ እንስሳ መኖሩን ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከፋው የተገላቢጦሹ ነው፤ የሰው ዓይን ይህ ሽፋን ስለሌለው አያበራም። አንድ የክረምት ሌሊት ከካቡ ማዶ ሁለት ዓይኖች አብርተው አየሁና ተኩላ ነው ብዬ ወሰንኩ፤ ድንጋይም አነሣሁ። ዓይኖቹ የጎረቤቴ ውሻ ሆኑ፤ ጎረቤቴ ራሱ ጥቁር በርኖስ ለብሶ የጠፋች በቅሎውን ፍለጋ ከውሻው በሁለት እርምጃ ርቀት ቆሞ ነበር፤ እኔም እስኪናገር ድረስ አላየሁትም። በእጄ የነበረው ድንጋይ ብቻ በመሆኑ ዛሬም አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ ዓይን ሲያበራ ካየሁ በመጀመሪያ ድምፄን አሰማለሁ፣ ቀጥሎ ከዓይኑ ዙሪያ ያለውን ቦታ በብርሃን እጠርጋለሁ፣ ሙሉ ገላውን እስካላየሁ ድረስም ስም አልሰጠውም።

«ባትሪው ጠመንጃው ላይ ቢታሰር ሁለቱም እጅ ነፃ ይሆናል»

ብቻውን ለሚያድር ሰው ይህ ምክር ማራኪ ይመስላል። ባትሪው ከአፈሙዙ ጋር ከታሰረ ግን አንድን ነገር ማየት ማለት አፈሙዝ በላዩ መደገን ማለት ይሆናል፤ ያልታወቀው ነገር ደግሞ በቅሎ ፈላጊ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። በውጭ አገርም ጠንቃቆቹ አዳኞች አካባቢውን የሚቃኙት በተለየ የእጅ ባትሪ ነው። የጠመንጃ ጥይት ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ስለሚችል፣ የባትሪው ብርሃን በሚያልቅበት ቦታ የጥይቱ መንገድ አያልቅም፤ በእኛ ተራራማ አገር ከእያንዳንዱ ጉብታ ጀርባ ቤት አለ። ሕጉም ግልጽ ነው፦ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ አይያዝም፤ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይታደንም። በእኔ እምነት በግ ለሚጠብቅ ሰው ውሻ፣ ከፍ ያለ ካብ፣ ጥሩ ባትሪና የራሱ ድምፅ ከጠመንጃ የበለጠ ይሠሩለታል። ውሻውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስከተብም ከዚሁ ሥራ ይቆጠራል፤ ያ በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ተላልፎ ይጨርሰዋል።

«ብጫ ብርሃን ጉም ይበሳል»

በጣርማ በር ዙሪያ የሚኖር ሰው ይህን አባባል ያውቀዋል። የጉም ጠብታዎች ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚበልጡ ብጫውንም ነጩንም እኩል ይበትኑታል። በጉም ጊዜ የሚረዳው ቀለም መቀየር ሳይሆን ብርሃኑን መቀነስና ባትሪውን ከዓይን አርቆ፣ ወደ ወገብ ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ በዓይን አቅጣጫ ስለሚያበራ ከፊት ያለው ጉም፣ በብርድ ጊዜም የራስ ትንፋሽ፣ እንደ ነጭ መጋረጃ ይጋርዳል።

«9900 የተጻፈበት ድንጋይ ረጅም ጊዜ ይቆያል»

18650 የሚባለው፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የሚሞላ ድንጋይ ከጥሩ ፋብሪካ ቢወጣም የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን ከ3600 ሚሊ አምፒር ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከዚያ በጣም የራቀ ቁጥር የተጻፈበት ውሸት ነው። ክብደቱም ይመሰክራል፤ እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ገደማ ይመዝናል። ውርጭ የድንጋዩን ጉልበት ስለሚቀንስ ትርፉን በውስጥ ኪስ፣ ከገላ አጠገብ መያዝ ይገባል። በረዶ በሚያስይዝ ብርድ ውስጥ ደግሞ መሙላት ድንጋዩን ስለሚጎዳው ወደ ሞቃት ቤት አስገብቶ መሙላት ይሻላል።

«ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት አውሬ ያርቃል»

ለጥቂት ሌሊት ያርቃል፤ ከዚያ አውሬው ይለምደዋል። በኬንያ በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ያደገው ሪቻርድ ቱሬሬ በልጅነቱ ያስተዋለው ይህንኑ ነበር፦ ባለበት የቆመ መብራት አንበሳውን አላስፈራውም፣ እሱ ባትሪ ይዞ ሲዘዋወር ግን አንበሳው ቀረ። ስለዚህ ሰው የሚዘዋወር የሚያስመስሉ፣ እየተፈራረቁ ብልጭ የሚሉ መብራቶች በከብቶቹ አጥር ላይ ሠራ። በእኛም በኩል በፀሐይ የሚሞላ አንድ መብራት ጉረኖው ላይ ሰቅሎ ከመተኛት፣ ባትሪ ይዞ ባልተወሰነ ሰዓት መዞር የተሻለ ነው።

«አንድ ጥሩ ባትሪ ይበቃል»

አብሮት ሰው ላለው ይበቃ ይሆናል። ብቻውን ያለ ሰው ባትሪው ካብ ላይ ወድቆ ቢሰበር የወደቀውን የሚፈልግበት ብርሃን እንኳ አይኖረውም። እኔ ሩቁን ለመለየት የተሰበሰበ ጨረር ያለውን በእጄ፣ ለጉረኖው ሰፊ ብርሃን የሚሰጠውን ግንባሬ ላይ፣ በተራ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ባትሪ ደግሞ በአንገቴ በገመድ አንጠልጥዬ አድራለሁ፤ ሦስቱንም ከመምሸቱ በፊት አብርቼ እፈትሻቸዋለሁ።