የልማድ መቀስቀሻ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የሚማር ልጅ ከእራት በኋላ ላይብረሪ ሲገባ ማንም አይገፋውም። ካፌ ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ከዶርም ልጆች ጋር እየቀለደ ይወጣል፣ እግሩ ራሱ ያደርሰዋል። ይኸው ልጅ ተመርቆ ሽምብጥ ወይም ቀበሌ 14 አንድ ክፍል ቤት ይከራያል። በሁለተኛው ወር አንድ ገጽ አንብቦ መጨረስ ያቅተዋል። ቤተሰቡ «ዲግሪውን ከያዘ ወዲህ ሰነፈ» ይላል፤ እሱም ያምናል። ከዚያ ስልኩ ላይ «ስኬታማ ሰዎች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳሉ» የሚል ቪዲዮ ያይና ሦስት ቀን ተነስቶ በአራተኛው ይተኛል።

እንደ እኔ እምነት ልጁን ስንፍና አልያዘውም። መቀስቀሻው ግቢ ውስጥ ቀርቶበት ነው።

መቀስቀሻ የሚባለው አንድን ድርጊት ብዙም ሳናስብበት እንድንጀምር የሚያደርገን ነገር ነው። ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓት፣ አብሮን ያለ ሰው፣ ድካም ወይም ረሃብ፣ ገና አሁን የጨረስነው ሌላ ሥራም ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ደጋግሞ ከአንድ ድርጊት በፊት ሲመጣ አእምሮ ሁለቱን ያስተሳስራቸዋል። ትስስሩ ሲጠነክር የመጀመሪያው ብቅ ባለ ቁጥር ሁለተኛው ውሳኔ ሳይጠብቅ ይከተላል። በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያለው ባዛል ጋንግሊያ የሚባለው የአእምሮ ጥልቅ ክፍል ነው። ተማሪው በየማታው «ዛሬ ላጥና?» ብሎ ራሱን ጠይቆ አያውቅም ነበር። እራቱ፣ ጓደኞቹና የላይብረሪው በር ጥያቄውን ቀድመው መልሰውለታል። የተከራየው ክፍል ውስጥ ግን ከሦስቱ አንዱም የለም፤ ስለዚህ በየማታው እንደ አዲስ መወሰን አለበት። በየማታው የሚወሰን ነገር ደግሞ በደከመን ማታ ይሸነፋል።

መቀስቀሻ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ካሳዩ ሙከራዎች የምወደው የፈንዲሻውን ነው። ዴቪድ ኒል፣ ዌንዲ ዉድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ለገቡ ሰዎች ፈንዲሻ አደሉ። ለአንዳንዶቹ ትኩስ ነበር፤ ለሌሎቹ ግን ከፈነዳ ሳምንት የሆነው። ሲኒማ ቤት ፈንዲሻ የመብላት ልማድ የነበራቸው ሰዎች ጣዕሙን እንዳልወደዱት እየተናገሩ፣ የቆየውንም ከትኩሱ ባልተናነሰ መጠን በሉት። ያንኑ ልማድ ላላቸው ሰዎች ፈንዲሻው በስብሰባ አዳራሽ ሲሰጣቸው ግን የቆየውን ከትኩሱ ያነሰ በሉት። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ በማይለመደው እጃቸው እንዲበሉ ሲደረግም መብላታቸው ቀነሰ። (ቡና ላይ የቀረበ ፈንዲሻ ቢሆን አፈንድታ ያቀረበችውን ሴት ላለማስቀየም ነው ይባል ነበር፤ ሲኒማ ቤት ግን የሚቀየም የለውም።) እጃቸውን ወደ ፈንዲሻው የሚልከው ጨለማው፣ ወንበሩና የፊልሙ መጀመር ነበር።

ይኸችው ዌንዲ ዉድ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላ የተዛወሩ ተማሪዎችን አጥንታ ነበር። ስፖርት የመሥራት ወይም ጋዜጣ የማንበብ ልማዳቸው የቀጠለው አዲሱ ቦታ ከቀድሞው ጋር ሲመሳሰልላቸው ነው። ሁኔታው ከተለወጠ ግን ልማዱም ይላላል። የኛን ምሩቅ ታሪክ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

ነገሩ ለባሕር ዳር ሰው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ማክሰኞ ማታ «ነገ ልጹም ወይስ ልተወው» ብሎ አይማከርም። የሚጾምበት ምክንያት እምነቱ ነው፤ እሱን ወደ ሳይኮሎጂ ላወርደው አልፈልግም። አሠራሩን ግን ልብ በሉት። ቀኑ ራሱ ይጠራል፤ ምግብ ቤቱ የጾም በየዓይነቱ ያወጣል፤ ቤት ውስጥ የሚሠራው ወጥ ይለወጣል። (ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለጣና ዳር ሰዎች እተዋለሁ።) ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ የረቡዕና የዓርብ ጾም የለም። ሰባት ሳምንት ሙሉ ይቋረጣል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ረቡዕ ስትመጣ «ልማዴ ጠፍቶብኛል፣ ከየት ልጀምር» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። አዛን ሲሰማ ለሶላት የሚነሳውም፣ ወር በገባ በ12 የሚካኤል ማኅበር የሚጠጣውም እንዲሁ ነው። ባንክ ቤት ገንዘብ ማስቀመጥ አቃተኝ የሚለው ነጋዴ የቅዳሜ ዕቁቡን አንድም ጊዜ አያሳልፍም። ቀን፣ ሰብሳቢና የሚታዘቡት ሰዎች አሉበታ።

እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው ለሥራው ሲሆን «ዘንድሮ እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ»፣ «ኤክሴል እለማመዳለሁ» ብሎ ያቅዳል። መቼ፣ የት፣ ከምን ቀጥሎ የሚለው የለበትም። ዕንቁጣጣሽ ላይ የሚታቀደው አብዛኛው ነገር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ጀርመናዊው የሳይኮሎጂ ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር ስሙ የሚነሳው በዚህ ጉዳይ ነው። እሱና ቬሮኒካ ብራንድሽቴተር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በ48 ሰዓት ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። ግማሾቹ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ቦታ እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ። ቦታና ሰዓት ከወሰኑት መካከል ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሆኑት በጊዜው ላኩ፤ ካልወሰኑት የላከው ሲሶ ያህሉ ነው። ሥራው አንድ፣ ተማሪውም አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱን ያመጣው «እዚህ ስደርስ ይህን አደርጋለሁ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ስለ ቀን ብዛትም ጥቂት ልበል። «ልማድ በ21 ቀን ይገነባል» የሚባለው ከማክስዌል ማልትዝ የመጣ ነው፤ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነበር። ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ታዝቦ እ.ኤ.አ. በ1960 ጻፈ። «ቢያንስ» የምትለው ቃል በየአፉ ስትዞር ጠፋች፤ ስለ አፍንጫ የተባለውም ስለ ሁሉ ነገር የተባለ ሆነ። ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ፈቃደኛ ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ውጤት ሌላ ነው። ድርጊቱ ሳያስቡት የሚመጣበት ደረጃ ላይ ለመድረስ መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ነበር። ፈጣኑ በ18 ቀን ደረሰ፤ የዘገየው ደግሞ በስሌት ሲገመት 254 ቀን ይፈጅበታል። ውኃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፤ ስፖርት ይዘገያል። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ነገሩን አላበላሸውም። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የገረመኝ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር ነው፤ ተሳታፊዎቹ በሙሉ ከመጀመሪያው ቀን ድርጊታቸውን «ከቁርስ በኋላ» እንደሚባለው ከአንድ የዕለት ጉዳይ ጋር አያይዘው ነበር። መቀስቀሻ የሌለው ሰው 66 ቀን ቢቆጥር ቁጠራ እንጂ ሌላ የሚለምደው ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ ጣና ዳር የሚኖር ሰው መቀስቀሻውን ከየት ያመጣል? የሰዓት ቀጠሮን ብዙም አላምነውም። «ማታ 2 ሰዓት ላይ አጠናለሁ» ያለ ሰው እንግዳ ይመጣበታል፣ ለቅሶ ይጠራል፣ መብራት ይጠፋል። የተሻለው፣ ምንም ሆነ ምን በየቀኑ የሚደረግ፣ ማለቂያው ጥርት ብሎ የሚታወቅና ካለቀ በኋላ እጃችንን ነጻ የሚያደርግ ነገር ነው። በሳይክል ሥራ የሚሄድ ሰው፣ ከተማችን ውስጥ ደግሞ ጥቂት አይደለም፣ ሳይክሉን አስሮ ቁልፉን ኪሱ ሲከት የቀኑን ዋና ሥራ በአንድ መስመር መጻፍ ይችላል። ቁልፍ ወደ ኪስ፣ ደብተር ከኪስ። ቢሮ ውስጥ ያለች የሒሳብ ባለሙያ ከሻይ ሰዓት ተመልሳ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ አንድ አዲስ የኤክሴል ቀመር ትሞክራለች፤ ሌላ ሰው ጠረጴዛዋ ላይ ፋይል ሳይከምር። ቤት ውስጥ ቡና የሚፈላ ከሆነ በረካ ጥሩ መቀስቀሻ ነው። አቦል ላይ ገና ወሬው አልሞቀም፤ ቶና ላይ ማንም አይነሳም፤ በረካ ተጠጥቶ ሲኒው ሲሰበሰብ ግን ሁሉም ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

የጀልባ አስጎብኚዎች ነገር ለየት ይላል። ቋሚ ሰዓትም ቋሚ ቢሮም የላቸውም፤ ዛሬ እንግዳ አለ፣ ነገ የለም። ግን አንድ የማይቀር ነገር አላቸው። ከዘጌ ወደ ከተማ ሲመለሱ የጀልባው ሞተር ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ውኃ ላይ ናቸው። እንግዳው ፎቶውን እያገላበጠ ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ አስጎብኚው በዕለቱ ተጠይቆ በደንብ ያልመለሰውን አንድ ጥያቄ ቢጽፍ፣ ለምሳሌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያለ አንድ ሥዕል የየትኛው ታሪክ እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ካህናቱን ይጠይቃል። አንድ የእንግዳ ወቅት ሲያልፍ እጁ ላይ የሚቀረው ደብተር ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል ብዬ አስባለሁ። መቀስቀሻው የሞተሩ ድምፅ ነው፤ ማስታወሻ የሚልክ ስልክ አያስፈልገውም።

መብራት መጥፋቱን ራሱን መቀስቀሻ ማድረግም ይቻላል። ኮምፒውተር ላይ የተንጠለጠለ ልማድ መብራት በጠፋ ቁጥር ይሰበራል። «መብራት ሲጠፋ የታተመውን አነባለሁ» ብሎ ሻማውንና ወረቀቱን አንድ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ግን ቢያንስ ከማማረር ሌላ የሚሠራው ነገር አለው። በየቀኑ ስለማይመጣ ጠንካራ ልማድ አይሆንም፤ መደገፊያ ግን ይሆናል።

የማንፈልጋቸው ልማዶችም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። ከምሳ በኋላ ጫት የሚቅም ወጣት ልተው ሲል የሚታገለው ከቅጠሉ ጋር ብቻ አይደለም። ሰዓቱ አለ፣ ቤቱ አለ፣ ምንጣፉ ላይ የተለመደ ቦታው አለ፣ «ዛሬ ቀረህ?» ብሎ የሚደውል ጓደኛ አለ። ያ ወጣት ምሳውን ሌላ ሰፈር ቢበላና ከሰዓቱን ከሌላ ሰው ጋር ቢያሳልፍ፣ እዚያው ቤት ተቀምጦ ጥርሱን ከመንከስ ይቀለዋል። ለስልክም እንዲሁ ነው፤ ሌላ ክፍል የተቀመጠ ስልክ እጅ አይጠራም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ሥራ ላጣ ምሩቅ «ልማድህን አስተካክል» ማለት ለመካሪው ቀላል ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የወጣው ክፍት ቦታ አንድ፣ አመልካቹ ብዙ በሆነበት፣ ጎሕ ሳይቀድ መነሳት ቦታውን ሁለት አያደርገውም። የግል እድገት አሰልጣኞች ይህን ሲዘሉት እናደዳለሁ። ልማድ የሚያደርገው ነገር ውስን ነው፤ ሰውየውን ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል። መቀመጡ ሳይታሰብ ሊመጣ ይችላል፤ ማሰቡ፣ መጻፉ፣ ከሒሳቡ ጋር መታገሉ ግን ሁልጊዜ ትኩረት ይጠይቃል፣ ሁልጊዜም ይከብዳል። «ሁለት ወር ለመድኩት፣ ለምን አሁንም ይከብደኛል?» የሚል ሰው ምንም አላጠፋም፤ የለመደው መጀመሩን ነው።

በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ደጋግሞ የተረሳ ነገር ካለ ደግሞ ከድርጊቱ በፊት መቀስቀሻውን መቀየር ይሻላል። ብዙ ጊዜ መቀስቀሻው የላላ ነው። «ከሥራ ስመለስ» ሰፊ ነው፤ ከባጃጅ መውረድም፣ ጫማ ማውለቅም፣ ልጅ ማቀፍም «ስመለስ» ነው። «ጫማዬን አውልቄ በሩ ሥር ሳስቀምጥ» ግን አንድ ቅጽበት ነው።

በጣም የሚቸገሩት በፈረቃ የሚሠሩ ናቸው፤ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፣ ነርስ፣ የፋብሪካ ኦፕሬተር። ይህን ሳምንት ቀን ይገባሉ፣ የሚቀጥለውን ሌሊት፤ ሰዓትም ምግብም እንቅልፍም ይዘዋወርባቸዋል። የማይዘዋወረው የሥራ ልብሳቸው ነው። ቀንም ይሁን ሌሊት ፈረቃው ሲያልቅ ይወልቃል፣ ይሰቀላል። እንግዳ ተቀባይዋ ልብሷን ሰቅላ ከመውጣቷ በፊት በፈረቃው ከእንግዳ የሰማችውን አንድ አዲስ አባባል ድምፅ አውጥታ ብትደግመው ሁለት ደቂቃ አይፈጅባትም። በእረፍት ቀን ልብሱ ስለማይለበስ ልምምዱም አይኖርም፤ ያ አይጎዳትም።