ሁሉም የወገብ ሕመም ዲስክ አይደለም

ፒያሳ ቡና ላይ ተቀምጦ «ወገቤን» ያለ ሰው፣ ስኒው ሳይቀርብለት «ዲስክ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ነገሩ ከባድ አይደለም። ጥቂት ሰዎች ላይ ግን ጥፋቱ የህብለ ሰረሰር (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ) ደም ሥሮች ጋ ነው። ብርቅ ነው፤ ዋናው ዓይነት በዓመት ከሚሊዮን ሰው ከ5 እስከ 10 ቢይዝ ነው። በብዛትም የሚያጠቃው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶችን ነው።

«ኤምአርአይ ላይ ዲስክ ታይቷል፤ በቃ እሱ ነው።»
በዚህ ዕድሜ ምንም የማያማቸው ሰዎች ቢነሱም አብዛኞቹ ላይ ያረጀ ዲስክ ይታያል። ስለታየ ብቻ ጥፋተኛ አይሆንም።

«ሲሄዱ ይብሳል፣ ሲያርፉ ይሻላል፤ ነርቭ ተጭኖ ነው።»
እውነትም ይመሳሰላሉ፤ ስህተቱ የሚጀምረውም እዚህ ነው። ከለገሃር ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ የያዘ ሰው ቴዎድሮስ አደባባይ ሳይደርስ እግሩ ይዝላል። ቁጭ ሲል ይለቀዋል። የደም ሥር ችግር ሲሆን፣ የህብለ ሰረሰሩ ሽፋን ላይ ደም ቅዳ በቀጥታ ከደም መልስ ጋር ይገናኛል። ግፊቱ ወደ ደም መልሱ ይዞራል፤ ደሙ መውጫ ያጣል፤ ህብለ ሰረሰሩ ያብጣል። እንቅስቃሴ ደግሞ ያባብሰዋል። ልዩነቱን የሚጠቁመው፣ ከሕመሙ ይልቅ ድካሙና መደንዘዙ መብለጡ፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም እግር መምጣቱ ነው።

«የወገብ ኤምአርአይ ተነስቻለሁ፤ ሁሉም ታይቷል።»
አልታየም። ህብለ ሰረሰር የሚያልቀው አንደኛው ወይም ሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። የወገብ ፊልም ጫፉን ብቻ ይይዛል፤ ችግሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ፣ በደረት ትይዩ ነው። እዚያ ቢነሳ የህብለ ሰረሰሩ እብጠትና ዙሪያውን የተጠማዘዙ ጥቋቁር መስመሮች ይታያሉ። ቦታውን በትክክል የሚያሳየው አንጂዮግራፊ፣ ማለትም ቀለም ረጭቶ ደም ሥሮችን የሚያነሳው ምርመራ ነው። በነገራችን ላይ፣ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ፊልሙንም ያዙ።

«ሽንት ማስቸገሩ ፕሮስቴት ነው።»
ሊሆን ይችላል። ከእግር ድካም ጋር ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

«ስቴሮይድ ብንሞክር ምን ይጎዳል?»
ስቴሮይድ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ቢሆንም፣ በዚህ ችግር ይጎዳል። ከስቴሮይድ በኋላ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ እግራቸው ጭራሽ የከዳቸው ሕመምተኞች አሉ።

«ቢታወቅም መላ የለውም።»
አለው። በቀዶ ሕክምና፣ ወይም በቀጭን ቱቦ ማጣበቂያ በመርጨት፣ የተሳሳተው መገናኛ ይዘጋል። ቶሎ ከተደረሰ የብዙዎች አረማመድ ይሻሻላል። ሽንቱ ግን እንደ እግሩ በቀላሉ አይመለስም።